ባትሪ ሳይኖር ያለፈው የባትሪ ፈተና

ሰኞ ጠዋት ሞካሪዋ ቢሮ ገብታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፊ ስክሪን ቀና ብላ አየችው። አረንጓዴ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ፤ ለምልክት እንኳ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችበትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ብሏት ሻይዋን ትቀዳ ነበር። ያን ቀን ግን ቦርሳውን ብትወረውርበት በወደደች። ያ አረንጓዴ ታናሽ ወንድሟን ከሥራ አሳግዶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሐኪም ቤቶች የመተንፈሻ ማሽን ይሠራል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ትንሽ ኮምፒዩተር አለች፤ በኮምፒዩተሯ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ሥር ተቀምጦ ሞተሩንም፣ ስክሪኑንም፣ ባትሪውንም የሚያዝ ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱ ደህና ከሆነ ሁሉም ደህና ነው፤ እሱ ከደረቀ ማሽኑ ተራ ብረት ነው። አዲስ ከርነል በወጣ ቁጥር በብዙ መቶ ፈተና አስፈትኖ «ደህና ነው» ብሎ መፈረም የሞካሪዋ ሥራ ነው። ማሽኑን ሐኪም ቤት ወስዶ መትከልና መጠገን ደግሞ የወንድሟ። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ትውላለች፣ እሱ ምድር ቤት፤ ጠዋት ከእናታቸው ቤት አብረው ይወጡ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሐኪም ቤት መብራት ጠፋ። ማሽኑ ወደ ባትሪ መዞር ሲገባው ስክሪኑ ድርቅ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። አንዲት ነርስ የጎማ ፊኛ በእጇ እየጨመቀች አንድ ሽማግሌ በሽተኛን ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አስተነፈሰቻቸው። ሽማግሌው ተረፉ። የነርሷ እጅ ግን ለሁለት ቀን ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር አሉ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ምርመራ የሚለውን ነገር አካሄደ። የምርመራው ሐሳብ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ፈተናዎቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ስለዚህ ከርነሉ ደህና ነው፤ ከርነሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ሽቦውን ያሰረው ደግሞ ይታወቃል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው። ወንድሟ ታገደ። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ጥፋተኛ ከተባለ «በቸልተኝነት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የጣለ» የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ያን ደብዳቤ ይዞ ዕድሜ ልኩን የአንድም ሐኪም ቤት በር አይገባም።

እሷን የሚያንገበግባት ግን ከዚህም የባሰ ነው። ያን ቀን ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ደውሎላት ነበር። «እታለም፣ ሽቦው ደህና ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። የደረቀው ማሽኑ ራሱ ነው።» እሷም ያንን ስክሪን ቀና ብላ አየችና «ፈተናው እኮ አረንጓዴ ነው፤ እስቲ ረጋ ብለህ ደግመህ እየው» አለችው። «እሺ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ፣ ጨው ይቀባበላሉ፣ በቃ።

የዚያን ሰኞ ቁርስ ላይ ነው ነገሩ የፈነዳው። ወንድሟ መሣሪያዎቹን ጨርቅ ላይ ደርድሮ የጸዳ ቡሎን መፍቻውን — እሱ ራሱ «ካቻቢቴዬ» የሚላትን — እንደገና ይወለውላል። እናታቸው ትክ ብለው አዩትና ቆሽታቸው አረረ።

«ማሽን ዋሽቶ ሰው ይቀጣል እንዴ?» አሉ። «የናንተ መሥሪያ ቤት ጉዱ አያልቅም።»

«እማዬ፣ ማሽኑ ተፈትኗል» አለች ሞካሪዋ።

ወንድሟ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ማነው የፈተነው?»

«ፈተናው ነዋ።»

«ፈተናውንስ ማን ፈተነው?» ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እኛ አዲስ የአደጋ ደወል ስንገጥም መጀመሪያ የምናደርገው ሽቦውን መንቀል ነው። ካልጮኸ አናምነውም። አንቺ ያንን ባትሪ ነቅለሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ስንት ዓመት ስትፈርም አንድ ቀን ነቅላ አታውቅም።

እናም ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወደ መሞከሪያው ክፍል ወረደች። ጠባብ ክፍል ነው፤ የማቀዝቀዣው ፋን ስለሚጮህ ሰው እየተጯጯኸ ነው የሚነጋገረው። መደርደሪያው ላይ የማሽኑ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎች እርቃናቸውን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ በነጭ ፕላስተር ቁጥር ተለጥፎበታል። ባትሪው ያለው ሰባተኛው ላይ ነው። የባትሪውን ሶኬት ነቀለችና ፈተናውን አስነሳች። መውደቅ አለበት። ባትሪ የለማ።

አረንጓዴ። አለፈ።

የተሳሳተ ሶኬት የነቀለች መሰላትና ሰሌዳውን እንዳለ ከመደርደሪያው አውጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ደገመችው። አለፈ። ከግድግዳው የመደርደሪያውን ዋና ገመድ መዝዛ ጣለችው። ፋኑ ቀስ እያለ ቆመ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንድ መብራት የሚበራበት ሰሌዳ የለም። በያዘችው ላፕቶፕ ፈተናውን እንደገና አስነሳች።

የባትሪ ፈተና፦ አለፈ።

ሳቋ መጣ። የማያስቅ ሳቅ። ወንበሩን ራሱን ብትፈትነውም ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ነው ወንድሟ የተፈረደበት።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ለሚል ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱን አመል ማወቅ ያስፈልጋል። ከርነሉን የሚጽፉት አራት ቡድኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይጽፋል፣ ፈተናውንም ራሱ ያዘጋጃል፣ ውጤቱንም ደስ ባለው ቋንቋ ይናገራል። የማኅደረ ትውስታ ቡድን «ጥሩ» እና «መጥፎ» ይላል። የሰዓት ቡድን እንደ ትምህርት ቤት ከመቶ ይሰጣል፤ ስልሳ ሁለት ከመቶ ማለፍ ይሁን መውደቅ እነሱም እርግጠኛ አይደሉም። የፋይል ቡድን በቀለም ያበደ፣ እንደ ሠርግ መጥሪያ ያጌጠ ሠንጠረዥ ያወጣል። የድራይቨር ቡድን፣ ማለት ከርነሉን ከባትሪና ከሞተር ጋር የሚያነጋግሩትን ፕሮግራሞች የሚጽፈው፣ ምንም አይናገርም። ከወደቀ «ወደቀ» ብሎ ይጽፋል፤ ካለፈ ዝም ነው። የዚህ ቡድን አለቃ ጸጉሩ የሸበተ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲመሠረት የነበረ፣ ሰው ሁሉ «ሊቁ» የሚለው ሰው ነው፤ «የጨዋ ልጅ ፈተና አይለፈልፍም» ይላል ሲጠየቅ።

ሞካሪዋ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ገጽ ይዛ በየቢሮው ስትዞር ነው የኖረችው። ገጿ ላይ ያለው ነገር ሕፃን ይገባዋል። ማንም ፈተና ሲጀምር ስንት ጥያቄ እንዳለው ይናገር። ከዚያ እያንዳንዱን በቁጥሩ እየጠራ አለፈ ወይም ወደቀ ይበል። የዘለለው ካለ ዘለልኩት ይበል፣ ለምን እንደዘለለም ይጻፍ። አሥራ ሁለት አለኝ ብሎ ጀምሮ ሰባት ላይ የቀረ፣ አምስቱ የት ገቡ ተብሎ ይያዛል። ይኼው ነው። ሮኬት አይደለም።

ሁሉም ገጿን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ግሩም ሐሳብ ነው» አሉ፣ ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ። የፋይል ቡድን ሠንጠረዡን ሊለቅ አልፈለገም። የሰዓት ቡድን «ከመቶ መሆኑ ትክክለኛነትን ያሳያል» አለ። ሊቁ ገጿን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ «የኔ እመቤት፣ ደህና ነኝ ደህና ነኝ እያለ የሚጮህ ሰው በሽተኛ ነው» አላት። ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። እሷ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ መሆኑ ታክቷት ገጿን መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት።

አሁን ያ ሁሉ ንዴት አናቷ ላይ ወጣ። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የአራቱንም ቡድን ውጤት እየሰበሰበ ስክሪኑን የሚቀባውን ትንሽ ፕሮግራም፣ «አንባቢው» የሚሉትን፣ ከፍታ መስመር በመስመር ወረደችበት። ይህን ጉድ ማን እንደጻፈው አግኝታ ስሙን በቀይ ቀለም ልታትም ቆርጣለች። መቶ አርባኛው መስመር አካባቢ አገኘችው። «ፈተናው ምንም ካልጻፈ እንዳለፈ ቁጠረው» ይላል። ከጎኑ ቀን አለ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት። ከቀኑ ቀጥሎ የጸሐፊው ስም።

የራሷ ስም ነው።

ወንበሩ ላይ ተደገፈች። ትዝ አላት፤ ቀስ እያለ ሳይሆን ባንዴ ግልብጥ ብሎ። አንባቢውን አዲስ እንደጻፈችው የሊቁ ፈተናዎች በየጠዋቱ «አልታወቀም» ተብለው ቢጫ ይሆኑ ነበር። ሊቁ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፈ። ሥራ አስኪያጁ «እንግዳ ሲመጣ ይኼ ቢጫ ደስ አይልም» አለ። እሷም አዲስ ነበረች፤ ሰው እንዲወዳት ትፈልግ ነበር። «ሁሉም አንድ ፎርማት እስኪይዙ ብቻ» ብላ ያቺን መስመር ጨመረች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ፎርማት ስትሰብክ፣ መስመሯ እዚያው ተኝታ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ ይኸው።

በንዴት ላይ ንዴት ተጨመረና መውጫ አጣ። ራሷን መምታት ስላልቻለች፣ የባትሪ ፈተናው ከመቼ ጀምሮ ለምን ዝም እንዳለ ከመዝገቡ አጣርታ ወደ ሊቁ ቢሮ ሄደች። ሊቁ የወረቀት ኩባያ ይዞ መስኮት አጠገብ ቆሟል።

«የባትሪ ፈተናዎ ሞቷል» አለችው። «ከአምስት ወር በፊት። ከርነሉ ውስጥ አንድ ስም ቀይራችኋል፤ ፈተናው ገና ሲነሳ ይደፋል። አንድ ፊደል ሳይጽፍ ነው የሚሞተው።»

«ከወደቀ ወደቀ ይል ነበር።»

«ሬሳ ይናገራል እንዴ?»

ሊቁ ኩባያውን አስቀመጠ። ፊቱ ትንሽ ነጣ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ። «አንባቢው ነዋ ያለፈ ያለው» አለ ከዚያ። «የእኔ ፈተና አለፍኩ ብሎ አያውቅም። አለፈ ያለው ያንቺ ፕሮግራም ነው።» የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

ረቡዕ ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። በሩን ዘጋ፤ ይኼ ሰው በሩን ሲዘጋ ደግ ሊሆን ነው ማለት ነው።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ነገሩን አናካብደው። ሐሙስ ለወንድምሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንሰጠውና ሥራው ላይ ይመለሳል። ፈተናውን ደግሞ ሳንጯጯህ እናስተካክለዋለን።»

«ይኼንኑ ከርነል ይዘው የተተከሉት ማሽኖችስ? ሰማንያ ሦስት ናቸው።»

«በሚቀጥለው እድሳት ይታደሳሉ።»

«እድሳቱ ከሦስት ወር በኋላ ነው እኮ።»

«መብራት በየቀኑ አይጠፋም።»

«የሚጠፋበትን ቀን እርስዎ ያውቁታል?»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ፤ ከአንገት በላይ። «መስመሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከርነሉ ደህና ነው ብለሽ የፈረምሽውም አንቺ ነሽ። ወንድሜን ላውጣ ስትዪ አንቺ እንዳትገቢ ብዬ ነው።»

በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ጥርሷን ከመንከሷ የተነሳ መንጋጭላዋን አመማት።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ወንድሟ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ እናታቸው ልብስ እያጠፉ ነው። ቆማ ነገረቻቸው። ባትሪውን መንቀሏን፣ ሰሌዳው ወንበር ላይ ሆኖ ማለፉን፣ ማስጠንቀቂያውን፣ እድሳቱ ከሦስት ወር በኋላ መሆኑን። መጨረሻ ላይ መስመሯን።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለ ወንድሟ።

«እኔ ነኝ።»

«ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?»

«ረስቼው ነበር።»

ተነሳ። ቁመቱ ከእሷ ይበልጣል፤ ሲናደድ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨምርም። «ረሳሁት ይባላል? እኔ አንዲት ቡሎን ብረሳ ሰው ይሞታል ብዬ ሦስት ጊዜ ነው የምቆጥረው። ሦስት ሳምንት እዚህ ጋ ቁጭ ብዬ ቡሎን ስቆጥር ነበር። በሕልሜ ሳይቀር። የቱን ነው ያላጠበቅኩት እያልኩ። ራሴን እስክጠረጥር።» እጁን አየው። «ደግመህ እየው አልሽኝ። አየሁት። ሽቦው ደህና ነበር። አንቺ ደግመሽ ያላየሽውን እኔ ደግሜ አየሁት።»



እናታቸው ያጠፉትን ልብስ ፈተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። «ማስጠንቀቂያም ቢሆን ይቀበል» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ሥራው ላይ ይመለስ። እሷም ሥራዋን አትጣ። ሁለት ልጅ ነው ያለኝ።»

«ማስጠንቀቂያ ማለት አጥፍተሃል ማለት ነው፣ እማዬ። አላጠፋሁም።» ወደ እህቱ ዞረ። «ደግሞ ማሽኖቹን ሁሉ የተከልኳቸው እኔ ነኝ። የትኛው ክፍል፣ የትኛው አልጋ አጠገብ እንዳሉ አውቃለሁ። አራቱ ሕፃናት ክፍል ናቸው። ሦስት ወር ብሎ ነገር የለም።» ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሐሙስ ኮሚቴው በትንሿ የስብሰባ ክፍል ተቀመጠ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ሊቁ እንደ ቴክኒክ ምስክር፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደግሞ ሰብሳቢ ሆና። ወንድሟ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ሞካሪዋ በስብሰባው አልተጠራችም። በሩን አንኳኩታ ሰባተኛውን ሰሌዳ በሁለት እጇ ታቅፋ ገባች፤ ሥራ አስኪያጁ አፉን ሲከፍት ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«የባትሪ ፈተናውን አሳያችኋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው» አለች። «ምርመራው የቆመው በዚህ ፈተና ላይ ነው አይደል?»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ከርነል ምን እንደሆነ አታውቅም፣ አውቃለሁም አትልም። «አሳዪን» አለች።

ሰሌዳውን ሰካች። ፈተናውን አስነሳች። አለፈ። «አሁን እርስዎ ይንቀሉት» አለቻት። «ደስ ያልዎትን።» ኃላፊዋ አመንትታ የባትሪውን ሶኬት ነቀለች። አለፈ። የሞተሩን ሽቦ ነቀለች። አለፈ። በስተመጨረሻ ዋናውን ገመድ ነቀለች፤ መብራቱ ሁሉ ጠፋ። አለፈ።

«ማሽኑ እኮ ጠፍቷል» አለች ኃላፊዋ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያለፈው?»

«ምኑም። በዚህ ነው ሰው የከሰሳችሁት።»

ሊቁ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ቀድሞ አሠራር፣ አንድ ፕሮግራመር የማያስፈልገውን ቃል መጻፍ እንደሌለበት፣ ስለ ሠላሳ ዓመት ልምድ መናገር ጀመረ። ሞካሪዋ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ያቺን ገጽ ከመሳቢያዋ አውጥታ ትናንት ከሰዓት አዲስ አንባቢ ጽፋላታለች፤ ስንት ነኝ ብሎ ያልጀመረን ፈተና የማይቆጥር። እሱን አስነሳች። ከሊቁ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፈተናዎች አንድም አረንጓዴ አልሆነም። ከዚያ አንድ በአንድ በእጇ ስታጣራ ያገኘችውን አነበበች፤ ስልሳ ሦስቱ ሞተዋል። ባትሪው ከአምስት ወር በፊት። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ከዓመት በፊት። አንዱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንዴም ተነስቶ አያውቅም።

«ይኼን ሁሉ ያለፈ ያስባለችው መስመር ደግሞ የእኔ ናት» አለች። «እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ በእርስዎና በእርሳቸው ጥያቄ» ብላ ሊቁንና ሥራ አስኪያጁን አየች። «ከዚያ በላዩ ላይ ፈረምኩ። ሦስታችንም አጥፍተናል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያላጠፋው አንድ ሰው ነው፤ የተከሰሰውም እሱ ነው። ዓይናችሁን በጨው አጥባችሁ ማስጠንቀቂያ ስጡት እስቲ።»

ሥራ አስኪያጁ «ስሜታዊ ሆነሻል» አለ።

«አዎ፣ ተናድጃለሁ። ሰው ትንፋሽ አጥሮት ነበር እኮ። እርስዎ ደግሞ ቢጫው ደስ አይልም ብለው ነው።»

ኃላፊዋ የነቀለችውን ገመድ እስካሁን እንደያዘች ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ብዕሯን አነሳች። እገዳው መነሳቱን ጻፈች፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ቀጥላ የሞካሪዋ የመፈረም ሥልጣን ከዛሬ ጀምሮ መታገዱን፣ የሦስቱም ጉዳይ ሰኞ እንደሚታይ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ «ሦስቱም?» አለ። «ሦስቱም» አለች ቀና ሳትል።

ከዚያ ኃላፊዋ ወደ ሞካሪዋ ወንድም ዞረች። «ነገ ሥራህ ላይ ትመለሳለህ።»

«ዛሬ» አለ ወንድሟ። «ማሽኖቹ አሁን ሰው ላይ ነው ያሉት።»

ኮሪደሩ ላይ ሞካሪዋ ተከተለችው። በልቧ ያለውን ሁሉ ልትናገር ነበር፤ የወጣላት «ይቅር በለኝ» ብቻ ነው።

ቆመ። «ገና አልበረደልኝም» አለ። «ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ። ዛሬ ግን እንደተናደድኩ እሠራለሁ፤ አንቺም ሥሪ።»

ምድር ቤት ወርደው የጥገና ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ በመሃላቸው ጠመዝማዛ ሽቦና የተፈታ ፓምፕ አለ። ወንድሟ የሐኪም ቤቶቹን ዝርዝር አተመና ለሁለት ቀደደው፤ አራቱ የሕፃናት ክፍል ማሽኖች ያሉበትን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ወደ እሷ ገፋው። «ማሽኑን ባትሪ ላይ ሲሆን እንዳያምኑት ንገሪያቸው። በእጅ የሚጨመቀው ፊኛ አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ ሰው አጠገቡ ይሁን። ሌላ ምንም አታብራሪ» አለ። መደወል ጀመረ። የሚያውቃቸውን ነርሶች በስማቸው እየጠራ፣ አልጋቸውን በቁጥሩ እየነገረ፣ ቶሎ ቶሎ።

እሷ በዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን ቁጥር መታች። ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ። ከጀርባው የሰው ሳልና የጋሪ ጎማ ድምፅ ይሰማል። የደከመች ሴት ድምፅ «አቤት» አለች።

«እናንተ ጋ ስላለው የመተንፈሻ ማሽን ነው የምደውለው» አለች ሞካሪዋ። «ባትሪ ላይ ሲሆን አትመኑት። መብራት ከጠፋ ሊቆም ይችላል።»

«እንዴ፣ ደህና ነው ተብሎ አይደል የመጣልን?» አለች ነርሷ። «ለመሆኑ ማን ልበል?»

ወንድሟ ከማዶ ስልኩን በትከሻው ይዞ አያት።

«ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።